የነጻነቱ ድንበርና የቃሉ ድንበር፦ ሐሳብን የመግለጽ መብት በተደነገገባቸው የአማርኛ ቃላት ላይ የቀረበ ሂስ

1. መንደርደሪያ

የመናገር ነጻነት እስከ የት ይደርሳል የሚለው ጥያቄ ብዙውን ጊዜ ለሕግ ባለሙያና ለፖለቲካ ሰው የተተወ ጉዳይ ሆኖ ይታያል። የቋንቋ ባለሙያ ቢጠየቅ እንኳ የሚጠየቀው ሕጉ ተረቅቆ፣ ቃሉ ተመርጦ፣ ነጋሪት ጋዜጣውም ታትሞ ካበቃ በኋላ ነው። ሆኖም ይህን የሥራ ክፍፍል የሚያናጋ አንድ ድንጋጌ በሀገራችን አለ። በ1987 ዓ.ም. የጸናው የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዲሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት በመጨረሻው አንቀጽ፣ ማለትም በአንቀጽ 106፣ የመጨረሻው ሕጋዊ እውቅና ያለው የአማርኛው ቅጂ መሆኑን ይገልጻል። ከዚህ የተነሣ በእንግሊዝኛው ቅጂ ኖሮ በአማርኛው የታጣ ቃል ቢኖር የሚጸናው የአማርኛው ጉድለት ነው። በአማርኛው ኖሮ በእንግሊዝኛው የታጣ ቢኖርም የሚጸናው የአማርኛው ምልአት ነው። መብቱ የሚቆምበት ቦታ ቃሉ የሚቆምበት ቦታ ነው ማለት ይቻላል።

ይህ ጽሑፍ ሁለት ሰነዶችን ይመለከታል። አንደኛው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 ነው፤ ሁለተኛው በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃ ሥርጭትን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የተደነገገው አዋጅ ቁጥር 1185 ነው። ጥያቄያችን ሕጎቹ ጥሩ ናቸው ወይስ መጥፎ የሚል አይደለም። የምንጠይቀው፣ ገደቡን የሚያሰምሩት ቃላት ገደብ ለማስመር የሚያስችል ድንበር በራሳቸው አላቸው ወይ ብለን ነው። ማስረጃውን በአመዛኙ ከሐዋሳ ከተማ እንወስዳለን፤ ምክንያቱም ጉዳዩ በሁለቱም መልኩ፣ የመናገር መከልከልም የመናገር ጉዳትም፣ በአንድ ከተማ ውስጥ የታየው በዚያ ነው።

2. «ነጻነት» እና «ነገር»

«ነጻ» የሚለው ቃል ከግእዙ ነጽሐ የተገኘ ነው። መነሻ ትርጉሙ ከእድፍ መጥራት ነው፤ ከዚያም ከዕዳ፣ ከበደል፣ ከክፍያ መጥራትን ወደሚያመለክት ደረጃ ሰፋ። ግእዝ ለፖለቲካዊው ጽንሰ ሐሳብ ግዕዛንንና ሐርነትን ይጠቀም ነበር። ከኋለኛው የወጣው «አርነት» በተለይ ከባርነት መውጣትን ሲገልጽ ቆይቶ ዛሬ ከዕለት ንግግር እየራቀ ሄዷል። በቦታው የቆመው «ነጻነት» አንድ ልዩ ጠባይ አለው፤ ይኸውም ሁልጊዜ «ከምን?» የሚል ጥያቄ ማስከተሉ ነው። ከቀረጥ ነጻ፣ ከክሱ ነጻ፣ ከአድልዎ ነጻ እንላለን። የአንቀጽ 29 መጀመሪያ «ያለማንም ጣልቃ ገብነት» ሲል ለዚሁ ጥያቄ መልስ ሰጥቷል። በአርእስቱ ላይ ያለው «በነጻ» ግን ለዛሬው የገበያ ጆሮ ያለ ክፍያ ማለት መሆኑ አይቀርም። ይህ ትንሽ እንከን ነው፤ ዐውዱ ይፈታዋል።

ከ«ነገር» የሚወጡት ቃላት የበለጠ ይከብዳሉ። ነገር ቃል ነው፤ ቁስ ነው፤ ክስም ጠብም ነው። ባለነገር ተሟጋች ነው፤ ነገረኛ ጠብ ፈላጊ ነው። «ተናገረ» ተሳቢ ሲያስከትል ትርጉሙ ይለወጣል፦ «ተናገረኝ» ያለ ሰው ተቈጣኝ፣ ሰደበኝ ማለቱ ነው። የበላ ልበልሃ ሙግት የነበረው ሕዝብ ቃል ሥራ መሆኑን፣ ሥራም ኃላፊነት እንደሚያስከትል ያውቅ ነበር። ስለዚህ የመናገር ነጻነት ገደብ አለው ማለት ከውጭ የመጣ ሐሳብ አይደለም። አዲስ የሆነው፣ ገደቡን በጽሑፍ አስቀድሞ ለይቶ ማስታወቅ የሚለው ግዴታ ነው።

የቀደሙት ሕገ መንግሥታት በዚህ ረገድ ያደረጉት ጥቂት ነበር። የ1923ቱ ስለ ንግግር ነጻነት አንዳች አላነሣም። የተሻሻለው የ1948ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 የንግግርንና የጋዜጣን ነጻነት በሕግ መሠረት የሚል ሐረግ ጨምሮ አወቀ። የ1979ኙም በአንቀጽ 47 ነጻነቱን ቢዘረዝርም ሳንሱር በሥራ ላይ ነበር። «በሕግ መሠረት» የሚለው ሐረግ ገደብ መኖሩን እንጂ ገደቡ ምን እንደሆነ አይናገርም፤ አጥሩን አይቶ በሩን እንዳላየ ሰው ያደርጋል። ሳንሱርን ያስቀረው በ1985 ዓ.ም. የወጣው የፕሬስ ነጻነት አዋጅ ቁጥር 34 ነው። አንቀጽ 29 ይህንኑ አጽንቶ «የቅድሚያ ምርመራ» ሲል ከለከለ። ምርመራ የሐኪምም የፖሊስም የተመራማሪም ሥራ ስለሆነ «የቅድሚያ» የሚለው ቅጽል ባይኖር ቃሉ ብቻውን አይቆምም ነበር። አስቀድመው ያሰቡበት ምርጫ ነው፤ ሊመሰገን ይገባል።

3. በአንድ ንኡስ አንቀጽ ውስጥ የተገናኙ ጠንካራና ደካማ ቃላት

የአንቀጽ 29 ንኡስ አንቀጽ 6 የጉዳዩ እምብርት ነው። በመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር መብቱ በ«አስተሳሰባዊ ይዘቱ» ወይም ሊያስከትል በሚችለው «አስተሳሰባዊ ውጤት» ሊገታ እንደማይገባ መርሕ ያስቀምጣል። የእንግሊዝኛው ቅጂ የተገለጸውን አመለካከት ይዘትና ውጤት ብሎ ሲያልፍ፣ አማርኛው «አስተሳሰባዊ» የሚለውን ቅጽል በሁለቱም ላይ ደግሞ ያሳርፋል። ድግግሞሹ ለጆሮ ይከብድ ይሆናል፤ ለትርጉሙ ግን ወርቅ ነው። አንድ ንግግር በሰሚው አእምሮ ላይ የሚያደርሰው ውጤት ሌላ ነው፤ በሰው አካልና ቤት ላይ የሚያደርሰው ውጤት ሌላ ነው። ሰሚው ቢናደድ፣ ሐሳቡን ቢለውጥ፣ በመንግሥት ላይ ያለው እምነት ቢጎድል ውጤቱ አስተሳሰባዊ ነው፤ የተጠበቀ ነው። ቤት ቢቃጠል ግን ውጤቱ አስተሳሰባዊ አይደለም።

እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ስቱዋርት ሚል ስለ ነጻነት በጻፈው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1859 ይህንኑ በእህል ነጋዴ ምሳሌ አስረድቷል። እህል ነጋዴዎች ድኻውን ያስርባሉ የሚለው አስተያየት በጋዜጣ ሲወጣ ሊነካ አይገባውም፤ በነጋዴው ደጃፍ ለተሰበሰበ የተቈጣ ሕዝብ ሲነገር ግን ሊያስቀጣ ይችላል። ሚል በምሳሌ ያመለከተውን የኛ አርቃቂዎች በአንድ ቅጽል ይዘውታል።

ወደ ሦስተኛው ዐረፍተ ነገር ስንደርስ ግን ሁኔታው ይገለበጣል። አማርኛው የጦርነት ቅስቀሳንና «ሰብአዊ ክብርን የሚነኩ የአደባባይ መግለጫዎች»ን ይከለክላል። እንግሊዝኛው በዚህ ቦታ የሚለው ሰብአዊ ክብርን ለመጉዳት ታስቦ የሚደረግ የአደባባይ ሐሳብ ነው። ሁለት ነገሮች ጠፍተዋል። አንደኛ፣ ሐሳቡ ማለትም ፈቃደ ልቡናው የለም። የ«የሚነኩ» ባለቤት መግለጫዎቹ እንጂ ተናጋሪው አይደለም፤ መግለጫ ደግሞ ሊነካ እንጂ ሊያስብ አይችልም። ሁለተኛ፣ መጉዳት በመንካት ተተክቷል።

መንካት በአማርኛ እስከ ምን ድረስ ነው? እጁን ነካው ሲባል ምንም ጉዳት የለም። ልቤን ነካው ሲባል ምስጋና ነው። ነገሩን ነካ አድርጎ አለፈ ሲባል በጥቂቱ አነሣ ማለት ነው። ፖለቲካ ነክ፣ ሕግ ነክ ስንል መመልከትን እንጂ መጉዳትን አናመለክትም። ስሙን ነካ፣ ክብሩን ነካ ስንል ደግሞ ወደ ጉዳቱ እንቀርባለን፤ እዚያም ላይ መለኪያው ያለው በተናጋሪው ሥራ ሳይሆን «ተነካሁ» በሚለው ሰው ስሜት ነው። እንግዲህ ሕጉ ክልከላውን ያሰረበት ግስ ከመመልከት እስከ ማዋረድ ያለውን ስፋት ሁሉ የያዘ፣ ልኩም በተነካው እጅ የተተወ ነው። አማርኛ የተሻለ ቃል አጥቶ ነው እንዳይባል መጉዳት፣ ማዋረድ፣ መድፈር የተባሉት ግሶች በእጅ ነበሩ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ እንኳ ስም ማጥፋትን፣ የሐሰት ሐሜትን፣ ስድብንና ማዋረድን ለይቶ ሰይሟቸዋል።

በርግጥ መድኃኒቱ ከሕገ መንግሥቱ ውስጥም ይገኛል። አንቀጽ 13 መሠረታዊ መብቶች ኢትዮጵያ ከተቀበለቻቸው ዓለም አቀፍ ስምምነቶች ጋር በተጣጣመ መንገድ እንዲተረጐሙ ያዛል። በ1985 ዓ.ም. የተቀበለችው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን በአንቀጽ 20 የሚከለክለው ወደ መድልዎ፣ ወደ ጠላትነት ወይም ወደ ኃይል ተግባር የሚያነሣሣ የጥላቻ ስብከትን ነው። ዳኛው በዚህ በኩል ዞሮ የጠፋውን ሐሳብ ሊመልሰው ይችላል። ነገር ግን ዳኛ ፊት የሚቀርበው የተከሰሰ ሰው ነው። ከክሱ በፊት ለመናገር አፉን የከፈተው ዜጋና ሊይዘው የመጣው ፖሊስ በእጃቸው ያለው «የሚነኩ» የሚለው ግስ ብቻ ነው።

4. ከሐዋሳ የሚገኝ ማስረጃ

በሐይቅ ዳር የተቆረቆረችው ይህች ከተማ የስሟ አጻጻፍ እንኳ ታሪክ ያለው ነው። አዋሳ ስትባል ኖራ በሲዳምኛው አጠራር ሐዋሳ ተብላለች። ዛሬ የሲዳማ ክልል መቀመጫ ናት፤ በጎዳናዋም ሲዳምኛ፣ አማርኛ፣ ወላይትኛ፣ ጉራግኛና ሌሎችም ቋንቋዎች ይሰማሉ።

ግንቦት 16 ቀን 1994 ዓ.ም. የከተማዋን አስተዳደራዊ ይዞታ ለመለወጥ የቀረበውን ሐሳብ በመቃወም የሲዳማ ተወላጆች ሰላማዊ ሰልፍ ወጡ። በሎቄ በኩል ሲመጡ የጸጥታ ኃይሎች ተኩስ ከፈቱባቸው፤ በርካታ ሰዎችም ሞቱ። በዚያን ቀን የተነገረው ነገር በማንኛውም ሚዛን ቢመዘን ውጤቱ አስተሳሰባዊ የሆነ የፖለቲካ ሐሳብ ነበር። የተመለሰለት መልስ ግን አስተሳሰባዊ አልነበረም። አንቀጽ 29 በዚያ ጊዜ ጸንቶ ሰባት ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረውም። ቃሉ ጠንካራ ሆኖ ሳለ የማያድንበት ጊዜ እንዳለ ይህ ቀን ይመሰክራል፤ መዝገበ ቃላት ጥይት እንደማያቆም ለኛም ለባለሙያዎቹ ማስታወሻ ነው።

ሁለተኛው ማስረጃ ከ2010 እስከ 2011 ዓ.ም. የታየው ነው። በሰኔ 2010 ዓ.ም. የፍቼ ጫምባላላ በዓል በሚከበርበት ሰሞን በከተማዋ በሲዳማና በወላይታ ተወላጆች መካከል ግጭት ተነሥቶ ሕይወት ጠፋ። በተከታዩ ዓመት የክልልነት ጥያቄው ቀነ ገደብ የተባለው ሐምሌ 11 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ ማለትም ዐሥራ አንደኛው ወር በገባ በዐሥራ አንደኛው ቀን፣ በሲዳማ ዞን ልዩ ልዩ ቦታዎች ሁከት ሆነ፤ ሰው ሞተ፤ ቤት ተቃጠለ። በዚያው ሰሞን የኢንተርኔት አገልግሎት ተቋረጠ፤ የሲዳማ ሚዲያ ኔትዎርክ ኃላፊዎችም ታሠሩ። ጥያቄው በመጨረሻ ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. በሕዝበ ውሳኔ ተፈታ፤ ክልልነትን የደገፈው ድምፅ 98.51 ከመቶ ሆነ። በ1994 በጥይት የተመለሰ ጥያቄ፣ በ2011 በሁከት የተጠየቀ ጥያቄ፣ በ2012 በካርድ ተመለሰ። ቀድሞውንም የንግግር ቦታ ቢኖረው ኖሮ መንገዱ ያጥር ነበር ቢባል ከእውነት አይርቅም።

በነዚህ ወራት በከተማዋ ሰዎችን ያስፈራ የነበረ አንድ ቃል እንውሰድ፦ «መጤ»። እኛ የቋንቋ ሰዎች ይህን ቃል ዘወትር በንጹሕ ልብ እንጠቀምበታለን። ከሌላ ቋንቋ የተወሰደውን ቃል መጤ ቃል እንላለን፤ የእርሻ ባለሙያውም መጤ አረም ይላል። ከመጣ የወጣ፣ ግልጽ፣ ስድብ የሌለበት ቃል ነው። ይኸው ቃል በአንድ ሰፈር ለአንድ ሰው ሲባል ግን አትኖርም፣ ቤትህ ቤትህ አይደለም የሚል መልእክት ይይዛል። በተሰበሰበ ወጣት መካከል ተነሥቶ በር ሲያመለክት ደግሞ መልእክቱ ከመልእክትነት አልፎ ምልክት ይሆናል። ቃሉ አንድ ነው፤ ሦስቱ ንግግሮች ግን አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ማንንም አይነካም፤ ሁለተኛው ይነካል፤ ሦስተኛው ይጎዳል፤ ሊጎዳም ታስቦ የተባለ ነው። «የሚነኩ» በሚለው መስፈርት ሁለተኛውና ሦስተኛው እኩል ይወድቃሉ። በ«አስተሳሰባዊ ውጤት» መስፈርት ግን ይለያያሉ፤ ሊለያዩም ይገባል። ሁለተኛውን የሚመልሰው ወቀሳና ሌላ ንግግር ነው፤ ሦስተኛውን የሚመልሰው ሕግ ነው።

5. የአዋጁ ሥያሜዎች

አዋጅ ቁጥር 1185 ከሕገ መንግሥቱ የጎደለውን ሐሳብ ወደ ትርጓሜው መልሷል፤ የጥላቻ ንግግር የሚባለው ሆን ተብሎ የተደረገ ሲሆን ነው። ለጥናት፣ ለዜናና ለፖለቲካ ትችት፣ ለሥነ ጥበብ፣ ለሃይማኖታዊ ትምህርትም ልዩ ሁኔታዎችን አስቀምጧል። ይህ መሻሻል ነው። ትችታችን የሚያተኩረው በሥያሜዎቹ ላይ ነው።

«የጥላቻ ንግግር» በሚለው ሐረግ «የ» ብዙ ሥራ ይሠራል። የፍቅር ደብዳቤ ከፍቅር የመነጨ ነው፤ የጦርነት ቅስቀሳ ወደ ጦርነት የሚወስድ ነው፤ የታሪክ መጽሐፍ ስለ ታሪክ የሚናገር ነው። እንግዲህ የጥላቻ ንግግር ከጥላቻ የመነጨ ነው ወይስ ወደ ጥላቻ የሚወስድ? ተራው ሰሚ የሚረዳው በመጀመሪያው መንገድ ነው፤ ስለዚህም «ይጠላናል» ከሚለው ወደ «ይከሰስ» ለማለፍ ይቸኩላል። ሕጉ ግን የሚቀጣው መጥላትን አይደለም፤ መጥላት አመለካከት ነው፤ አመለካከት መያዝ ደግሞ በአንቀጽ 29 ጥበቃ ሥር ነው። የሚቀጣው ማነሣሣት ነው። «ጥላቻ ቀስቃሽ ንግግር» ቢባል ኖሮ ሥያሜው ራሱ ሕጉን ያስተምር ነበር። «ንግግር» የሚለውም ቃል በትርጓሜው በጽሑፍና በምስል የሚተላለፈውን ሁሉ እንዲይዝ ተለጥጧል። ሕግ ቃልን ለራሱ ዓላማ ማስፋት ይችላል፤ ነገር ግን ሥዕል ያሠራጨ ሰው «እኔ ምን ተናገርሁ?» ቢል አማርኛው ከእርሱ ጋር ነው።

«ሐሰተኛ መረጃ» ደግሞ የተገላቢጦሽ ችግር አለበት፤ እዚህ ላይ ቃሉ ከትርጓሜው ይሻላል። አማርኛ ሐሰትንና ስሕተትን አጥብቆ ይለያል። ሐሰተኛ ምስክር የተሳሳተ ምስክር አይደለም፤ ሐሰተኛ ሰነድ ሠሪ አለው። ሐሰት ዐውቆ የሚደረግ ነው፤ ስሕተት ሳያውቁ የሚገቡበት ነው። አዋጁ ግን ሐሰትነቱን ያወቀውን ብቻ ሳይሆን ሊያውቅ ይገባው የነበረውንም በዚሁ ሥያሜ ይይዛል። ያለው ላይ ሌላ ጨምሮ ስሕተትን ሐሰት ብሎ ጠራው ማለት ነው። ለሁለተኛው «ቸልተኝነት» የሚል የታወቀ የሕግ ቃል አለን። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። ያመለጠውን አፍ ከዋሸው አፍ ጋር በአንድ ስም መጥራት ሁለቱንም አለማወቅ ነው። በማኅበራዊ መገናኛ ከአምስት ሺሕ በላይ ተከታይ ባለው ገጽ የተሠራጨ ሐሰተኛ መረጃ እስከ ሦስት ዓመት እስራት ሊያስቀጣ በሚችልበት ሁኔታ ይህ የሥያሜ ጉዳይ ብቻ አይደለም።

6. የሰሚው ድርሻ

በሲዳማ ሽማግሌዎች ሸንጎ፣ በሶንጎ፣ ንግግር የሚጀመረው «አፊኒ» በሚል ቃል ነው፤ ሰማችሁን፣ ዐወቃችሁን እንደማለት ነው። ሐላሌ የሚባለው እውነት የሚፈለገውም በዚህ መደማመጥ ነው። ሥርዓቱ በተናጋሪው አይጀምርም፤ በሰሚው ይጀምራል። የኛ የሕግ አማርኛ ስለ መያዝና ስለ መግለጽ ብዙ ተናግሮ ስለ መስማት የተናገረው ጥቂት ነው። የቃልን ጉዳት መለካት ግን ሰሚውን፣ ጊዜውንና ቦታውን ሳያውቁ አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ2012 በራባት የተዘጋጀው የድርጊት መርሐ ግብርም ዐውዱን፣ ተናጋሪውን፣ ሐሳቡን፣ ይዘቱንና ቅርጹን፣ ስፋቱንና የጉዳቱን ቅርበት እንዲመዘኑ ሲል ይህንኑ ማለቱ ነው።

ለዚህ ሥራ የቋንቋ ባለሙያ እንደሚያስፈልግ የታወቀው በአሩሻ ነው። የሩዋንዳ ጉዳይ ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት የአካየሱን ጉዳይ መርምሮ እ.ኤ.አ. መስከረም 2 ቀን 1998 ፍርድ ሲሰጥ፣ «ኢንየንዚ»ን የመሳሰሉ የኪንያሩዋንዳ ቃላት በ1994ቱ እልቂት ወቅት ምን ማለት እንደነበሩ የሥነ ልሳን ባለሙያ ቀርቦ አስረድቷል። ቃሉ በመዝገበ ቃላት በረሮ ነው። በዚያ ወቅትና ቦታ ምን እንደነበረ ለማወቅ ግን አጠቃቀሙን ማጥናት አስፈልጓል። ፍርድ ቤቱ መዝገበ ቃላት አልጣለም፤ በመዝገበ ቃላት ብቻ አልፈረደም እንጂ።

7. ማጠቃለያ

ከሣቴ ብርሃን በ1951፣ የደስታ ተክለ ወልድ መዝገበ ቃላት በ1962፣ የአካዳሚው አማርኛ መዝገበ ቃላት በ1993 ዓ.ም. ታትመዋል። ሁሉም ለጠቅላላ አንባቢ የተሰናዱ ናቸው፤ የሰውን እስርና ፍቺ የሚወስን ቃል እንዲሸከሙ የተጠየቁ አልነበሩም። ዛሬ ግን ተጠይቀዋል። ስለዚህ ሦስት ነገሮችን በአስተያየት መልክ እናቀርባለን። አንደኛ፣ መንካት፣ መጉዳት፣ ማዋረድ፣ ማነሣሣትና መቀስቀስ የተባሉት ግሶች ደረጃቸው ተለይቶ፣ ከምሳሌ አገባብ ጋር በአንድ የሙያ ቃላት ዝርዝር ይውጡ። ሁለተኛ፣ እንደ «መጤ» ያሉ ቃላት በሚቀጥለው እትም የአገባብ ምልክት ይደረግላቸው፤ ሆኖም ቃሉ ራሱ እንደ ወንጀለኛ ከመዝገብ አይፋቅ፤ የተፋቀ ቃል ከአፍ አይጠፋምና። ሦስተኛ፣ የፌዴራል ሕጎች ወደ ሲዳምኛና ወደ ሌሎች የክልል የሥራ ቋንቋዎች ሲተረጐሙ፣ ተርጓሚው «የሚነኩ» ላይ ሲደርስ የአማርኛውን ስፋት ይዞ እንዳያልፍ፣ ችግሩን በግርጌ እንዲያመለክት ይፈቀድለት።

«ዝም አይነቅዝም» የሚል ብሂል አለን። ዝምታ ለእህል ጎተራ ጥሩ ይሆናል። ለከተማ ግን እንዳልሆነ ሐዋሳ በ1994ም በ2011ም አይታለች፤ ያልተነገረው ነቅዞ ወጥቷል። ዜጋው እንዲናገር የምንፈልግ ከሆነ፣ የት ላይ ማቆም እንዳለበት በራሱ ቋንቋ፣ በማያሻማ ግስ ልንነግረው ይገባል።